የወንድሟ አፍንጫ

አጥማጇ የምንላት ዓሣ ስለምታጠምድ አይደለም። እንዲያውም ዓሣ አትወድም። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ የእሽግ ክፍል ሠራተኛ ነኝ፣ ምላሷ አያርፍም ይሉኛል፣ ይበሉ። ፋብሪካችን የሚሠራው ጋዝ ሲያመልጥ የሚጮህ መሣሪያ ነው። ሆዱ ውስጥ ያለችው ዋናዋ ነገር ግራፊን ትባላለች። እርሳስ ስትቀርጹ ጣታችሁን የሚያጠቁረው ነገር አለ አይደል? እሱ ብዙ ሺህ ስስ ንጣፍ የተደራረበበት ነው፤ ከዚያ ውስጥ አንዷን ንጣፍ ብቻ ነጥላችሁ ብታወጡ ግራፊን ማለት እሷ ናት። ከዚያ በላይ መሳሳት የለም። ስስ ከመሆኗ የተነሣ አየር ላይ ያለ ትንሽ ነገር ሲነካት የሚያልፍባት ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ መሣሪያው ያንን ያውቅና ይጮሃል። ነገሩ ይኸው ነው፤ መሐንዲሳችን ግን ይህችኑ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ይፈጅበታል።

ግራፊኗ የምትበቅለው በስስ የመዳብ ወረቀት ላይ ነው። በኋላ መዳቡን በኬሚካል ያሟሙትና እሷ ስስ ፕላስቲክ ሥር ተለጥፋ ውሃ ላይ ትንሳፈፋለች። ያን ጊዜ አንድ ሰው ጥፍር በምታህል ጠፍጣፋ ቁራጭ ከሥር ሄዶ ቀስ ብሎ ማንሣት አለበት። ቢቸኩል ትጨማደዳለች፣ ቢዘገይ ትንሸራተታለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያንን ስታደርግ የኖረችው አጥማጇ ናት። ገንዳው ላይ ጎንበስ ስትል ትንፋሿን ትይዛለች፤ እኛም በበሩ ስናልፍ ሳናውቀው እንይዛለን። አንድ ጊዜ ሳስነጥስ ስድስት ቁራጭ አበላሸሁባት፤ ለሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ።

እልኸኛ ናት። እልኋ ደግሞ ከየት እንደመጣ የማያውቅ የለም። ከታላቅ ወንድሟ ነው። እናትና አባታቸው ሲያልፉ እሷ ገና ጥርሷን ያልነቀለች ነበረች፤ አጥቦ፣ አብልቶ፣ ፀጉሯን ሳይቀር እየጎነጎነ ያሳደጋት እሱ ነው። ጉንጉኑ ጠማማ ነበር ብላ እስካሁን ትስቅበታለች። የሚሠራው የዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ ነው። ብርዱ የሚመጣው በቧንቧ ከሚዞር አሞኒያ ነው፤ አሞኒያ ደግሞ ሲያመልጥ ዓይንና ሳንባ አይምርም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ቧንቧ ፈንድቶ ሁለት ሰው ጎትቶ አወጣ። ሰዎቹ ዳኑ፤ እሱ ግን አፍንጫው ከውስጥ ተቃጥሎ ማሽተት የሚባል ነገር ከዚያ ወዲያ ቀረበት። ምግብ ቢያር አያውቅም፤ ጋዝ ቢያመልጥም አያውቅም።

ሌላ ሥራ ፈልግ ብትለው እምቢ አለ። እሷም ተነሥታ ሄዳ እኛ ፋብሪካ ተቀጠረች። መጀመሪያ ቀን ጠየቅኋት፤ «እዚህ ምን አመጣሽ?» ስላት «ለወንድሜ አፍንጫ ልሠራለት» አለችኝ። እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው የኛ መሣሪያ የዚያ መጋዘን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟን ትቶ «አፍንጫዬ» ነው የሚላት። ቤት ውስጥ ወተት ቢሆን፣ የተረፈ ሥጋ ቢሆን፣ እሷ ሳታሸተው አይቀምስም። «አፍንጫዬ፣ ይቺ ደህና ናት?» ይላታል። ደህና ናት ካለችው አንድ ጊዜ ግጥም ነው።

ባለፈው ዓመት የመጨረሻውን ክፍል ኃላፊነት ሰጧት። እዚያ የሚሠራው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ግን ከዚያ ስለሆነ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። መሣሪያው በጋዝ ተፈትኖ ካለፈ በኋላ፣ ሊታሸግ ሲል፣ «ንጹሕ አየር ማለት ይኼ ነው» ተብሎ ይነገረዋል። ዜሮ ማስያዝ እንለዋለን። በዚያች ደቂቃ ክፍሉ ውስጥ ያገኘውን አየር ንጹሕ ብሎ ይይዝና ከዚያ ወዲያ ሁሉንም ነገር ከሱ ተነሥቶ ነው የሚለካው። ከዜሮ በኋላ ማንም አይፈትነውም። በቀጥታ ወደኔ ይመጣል፤ እኔ «ተፈትሿል» የሚለውን ማኅተም ካርቶኑ ላይ አሳርፍና ይሄዳል።

አጥማጇ አቧራ ጠላቷ ነው። ኃላፊ በሆነች በሳምንቱ፣ ማታ ማታ ይታጠብ የነበረው ወለል ጠዋት፣ ልክ ዜሮ ከመያዙ በፊት እንዲታጠብ አዘዘች። ዕቃ ግዢ ደግሞ በዚያው ሰሞን አዲስ ፈሳሽ አመጣ። ፅዳት የሚሠሩት እማማ፣ ክፉ ቃል ከአፋቸው የማይወጣ ሴት፣ በዚያ ፈሳሽ ሲወለውሉት ወለሉ ፊት ያሳይ ጀመር። አጥማጇ «እማማ፣ ይኼ ነው ፅዳት!» አለች። እኔም እንደ ጉድ አሞገስሁ። ሽታው አልሸተታችሁም ወይ ብትሉኝ ሸትቶናል፤ ፅዳት ፅዳት ብሎ ነው የሸተተን። ከሳምንት በኋላማ ለመድነውና እሱም ቀረ። ሰባት ወር እንዲህ ሠራን።

አንድ እሁድ እነሱ ቤት ምሳ ተጋብዤ ነበር። ወንድሟ ጨዋታ ያውቃል፤ የማሳቅ ተራው የሱ ነበር።

«ጫኚው፣ ያ ረጅሙ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ እንደ ሕፃን ልጅ ሆኗል» አለ። «ሐሙስ ዓይኔን አቃጠለኝ ብሎ ሥራ ትቶ ወጣ። እጁን ይዤ መልሼ አስገባሁትና ግድግዳውን አሳየሁት። ‹አየህ? አረንጓዴ ነው። የእህቴ መሣሪያ ዝም ካለ ምንም የለም፤ ሚስትህ ሽንኩርት ስታስከትፍህ አድራ ነው› አልኩት!»

እኔ በሳቅ ፈነዳሁ። አጥማጇ ግን የያዘችውን ዳቦ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ መሣሪያው የቱ ነው? የድሮው?»

«የድሮው አርጅቶ ባለፈው ወር በአዲስ ተቀየረ። ካርቶኑ ላይ የጓደኛሽ ማኅተም ነበረበት፣ ደስ ብሎኝ አየሁት።»

«ነገ አትግባ።»

«ምን ሆነሻል? ነገ እኮ ጭነት አለ።»

«ዓይን ያቃጠለ ነገር እያለ ዝም ካለ ልክ አይደለም። እስካየው ድረስ አትግባ አልኩህ።»

«አንቺ ልጅ፣ የራስሽን ሥራ አታምኚም እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አላት። በሷ ሥራ ያለው እምነት የሷን ቃል አላሰማው አለ። ልትሸኘኝ ስንወጣ «ነገ ቀድሜ እገባለሁ» አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት ከሁሉ ቀድማ ገብታ በር ላይ ጠበቀችኝ። መሳቢያዋ ውስጥ ማስታወሻ ብላ ያስቀመጠችው አሮጌ መሣሪያ አለ፤ ወለሉ ማታ ይታጠብ በነበረበት ዘመን ዜሮ የተያዘ። «ከአዲሶቹ ጋር ጎን ለጎን ላየው ነው» ብላ አበራችውና ይዛው ወደ መጨረሻው ክፍል ገባች። እማማ ወለሉን እየጨረሱ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ቅዳሜ ዜሮ ተይዘው እሽግ የሚጠብቁ ሃያ አዳዲስ መሣሪያዎች አረንጓዴ መብራታቸውን አብርተው ተደርድረዋል።

ሦስት እርምጃ አልሄደችም። አሮጌው መሣሪያ እጇ ላይ ጮኸ።

እማማ መወልወያውን ጣሉት። ሃያዎቹ ዝም። መሐንዲሱ በሩጫ መጥቶ «አሮጌው ተበላሽቷል፣ አጥፊው!» አለ። እሷ ግን አላጠፋችውም። ወደ ኮሪደሩ ይዛው ወጣች፣ ዝም አለ። መልሳ አስገባችው፣ ጮኸ። ከዚያ ከሃያዎቹ አንዱን አንሥታ በቀጥታ የእማማ ባልዲ አፍ ላይ ያዘችው። ዝም። ዝቅ አደረገችው፣ ዝም። ውሃውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ብቻ ጮኸ። መሐንዲሱ የፈሳሹን ጄሪካን ገልብጦ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አነበበ፤ አሞኒያ ይላል።

አጥማጇ መሣሪያውን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። ፊቷ አመድ መሰለ። «ሰባት ወር ሙሉ» አለች፣ «ንጹሕ አየር ማለት ይኼ ነው ብዬ ነገርኳቸው። አሞኒያውን እያሸተትኩ ንጹሕ ነው አልኳቸው። አሁን ብዙ ካልሆነ አይጮሁም።» እማማ ማልቀስ ጀመሩ፤ «እኔ ነኝ፣ ልጄ፣ እኔ ነኝ ያፈሰስኩት» ሲሉ «እማማ፣ እርስዎ ያዘዝኩዎትን ነው የሠሩት» አለቻቸውና ስልኳን አወጣች።

ወንድሟ አያነሣም፤ መጋዘኑ ሲገቡ ስልክ ሣጥን ውስጥ ነው የሚቆለፈው። ቢሮአቸው ደወለች። የቢሮው ሰውዬ ወደ ግድግዳው ሄዶ አይቶ ተመለሰና «አረንጓዴ ነው፣ ሥራ ላይ ነን» ብሎ ዘጋው። ደሜ ፈላ። እሷ ግን ለመናደድም ጊዜ አልነበራትም፤ አሮጌውን መሣሪያ ብብቷ ውስጥ አድርጋ ወጣች፣ እኔም ማኅተሜን ጠረጴዛ ላይ ወርውሬ ተከተልኋት። በሩ ላይ ሥራ አስኪያጁ «በሥራ ሰዓት ወዴት ነው?» ቢሏት «ወንድሜ ሊሞትብኝ ነው፤ ስመለስ ያባርሩኛል!» ብላ አለፈቻቸው።

በታክሲ በረርን። መጋዘኑ ስንደርስ ዘበኛው ይከለክላል ብዬ አፌን አዘጋጅቼ ነበር፤ እሷ ግን በክንዱ ሥር ሾልካ ገባች። የውስጡ በር ጋ ስትደርስ አሮጌው መሣሪያ ጮኸ። ወንድሟ ወፍራም ጃኬቱን እንደለበሰ ከበረዶው ክፍል ብቅ አለ።

«ምን ሆነሽ ነው? የኛው እኮ ዝም ብሏል!»

«ዋሽቶሃል! እኔ ነኝ ያስዋሸሁት! ጋሼ ውጣ፣ በሞቴ ውጣ!»

አያት። እጇ ላይ የሚጮኸውን አየ። ግድግዳው ላይ ያለውን አረንጓዴ አየ። አንድም ነገር አይሸተውም፤ ከሁለቱ አንዱን ማመን ነበረበት። ቀጥሎ ያደረገውን ሳይ ነፍሴ ልትወጣ ነበር፤ ፊቱን አዙሮ ተመልሶ ገባ። እሷ ጮኸች፣ ልትከተለው ስትል ወገቧን ይዤ አስቀረኋት፤ ጥፍሯ አሁንም ክንዴ ላይ አለ። ከዚያ ሰዎች እያሳሉ መውጣት ጀመሩ፣ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት። በመጨረሻ እሱ ወጣ፣ ረጅሙን ጫኚ ትከሻው ላይ ተሸክሞ። ጫኚው ከቧንቧው አጠገብ፣ ከሁሉ ወደ ውስጥ ነበር። ዓይኑ አብጧል፣ ትንፋሹ ያፏጫል።

ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ቆሞ ሳለ፣ አምቡላንስ ተጠርቶ ሳለ ነው ግድግዳው ላይ ያለው አዲሱ መሣሪያ መጮህ የጀመረው። ጠቅላላ ሠራተኛው ወደ በሩ ዞረ። እኔ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

ጫኚው አራት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ዳነ። የዚያን ቀን ግን ማን ያውቅ ነበር? ወንድሟ ጃኬቱን አውልቆ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አጥማጇ አጠገቡ ቆማ አንዱንም ሳትደብቅ ነገረችው፤ ወለሉን፣ ፈሳሹን፣ ማን እንዳዘዘ። ሰማት። «እኔ ነኝ እኮ እጁን ይዤ የመለስኩት» አለ። «‹የእህቴ› ብዬ።» ከዚያ ተነሥቶ አምቡላንሱ ውስጥ ገባ፤ ዞሮም አላያትም። ቧንቧው ተዘግቶ አየሩ ሲጠራ አጥማጇ አሮጌውን መሣሪያ ግድግዳው ላይ ሰቅላ አዲሱን ይዛ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ተጠራ። በሰባት ወር የወጡት ሦስት መቶ አርባ መሣሪያዎች ናቸው። መሐንዲሱ፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈርቶ ነው፣ «የተለመደ እድሳት ነው ብለን እየዞርን ብናስተካክል ምን ይለናል?» አለ። አጥማጇ ሽንጧን ገትራ ቆመች።

«የተለመደ ካልናቸው እስክንደርስ ድረስ ያምኑታል። አሁን ይደወል። አትመኑት፣ በር ክፈቱ፣ ዓይናችሁን ካቃጠላችሁ ውጡ ይባል። የማን ስሕተት ነው ካሉ ስሜን ይንገሯቸው።»

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አወለቁ። «ስምሽ ከተጻፈ ከኃላፊነትሽ ትነሻለሽ፤ ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል። ጽፈው ይስጡኝ፣ እኔው እፈርማለሁ።»

ፈረመች። እስኪመሽ ድረስ ስምንት ሰዎች ሆነን ስልክ ላይ ነበርን። በማግስቱ የንጹሕ አየር ጠርሙስና የፈተና ጋዝ ተሸክማ መዞር ጀመረች። እኔም ሄድኩ። ማን አዘዘሽ ብትሉኝ ማንም፤ ሦስት መቶ አርባው ላይ ያለው ማኅተም የኔ ነው።

ሰባት ሳምንት ፈጀብን። በረዶ ፋብሪካ፣ ሥጋ ቤት፣ የወተት ማቀዝቀዣ፣ የማዳበሪያ መጋዘን። በየደረሰችበት መጀመሪያ «ስሕተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ» ትላለች። ከዚያ መሰላል ትወጣለች፣ ከጠርሙሱ ንጹሕ አየር እየሰጠች ዜሮ ታስይዛለች፤ ሳይጮህ አልወርድም ብላም በጋዝ ትፈትነዋለች። ያቺ ከዜሮ በኋላ መፈተን አሁን በፋብሪካችን ደንብ ሆናለች። ብዙው ሰው አመሰገናት። አንድ የወተት ማቀዝቀዣ ባለቤት ግን በሠራተኞቹ ፊት እንደ ሌባ አዋረዳት። አፌን በላኝ፤ ልመልስለት ስል ቆነጠጠችኝ። «እውነቱን ነው» አለች። መሰላሉን ስትወርድ ብቻ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ጠርጋው ቀጣዩን አድራሻ ጠየቀችኝ።

የጎዳት ግን የሰውዬው ስድብ አልነበረም። ወንድሟ አንድ ቤት እየኖረ ከሰላምታ በላይ አያናግራትም ነበር። ክፉ አልተናገራትም፤ ደህና አደርሽ ይላታል፣ ደህና ዋልሽ ይላታል። ወተቱን ግን ራሱ ገልብጦ ያየዋል፣ ይጠራጠርና ይደፋዋል። አንድ ሙሉ ማሰሮ ደህና ወተት ሲደፋ አይታ ወጥታ ደጅ ተቀመጠች። በየማታው ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ትተውለታለች፦ «ዛሬ ዘጠኝ»፣ «ዛሬ አራት፣ ሩቅ ነበር»። ጠዋት ወረቀቱ የለም፤ መልስም የለም። «ጥለሽው ቢሮሽ ብትቀመጪስ?» ስላት «ቢሮ የለኝም» አለችኝ፤ ከዚያ ሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለታችንም ሳቅን።

የመጨረሻው የወንድሟ መጋዘን ነበር። አሮጌው እዚያ ስላለ ሌሎቹ ይቅደሙ ብላ ነው። ስንደርስ ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ቆመ። ረጅሙ ጫኚ ተመልሷል፤ መሰላሉን የያዘላት እሱ ነው። «ሽንኩርት አልከተፍኩም ዛሬ» አላት፣ ሰዎቹ ሳቁ፣ እሷ ግን መሳቅ አልቻለችም። መሣሪያውን ሰቀለች፣ ንጹሑን አየር ሰጠችው፣ ቀጥላ ጋዙን አስጠጋችለት። ወዲያው ጮኸ። ሦስት ጊዜ ደገመችው፣ ሦስቴም ጮኸ። ወንድሟ ክንዱን አጣምሮ በሩ ላይ ቆሞ ያያል።

አሮጌውን ልታወርደው እጇን ስትዘረጋ «ይቀመጥ» አለ።

«ጋሼ፣ አርጅቷል።»

«ሁለቱም ይቀመጡ አልኩ።»

ወረደች። ዕቃዎቿን እየሰበሰበች ነበር፤ ጎንበስ ስትል ዕድሜዋ የጨመረ መሰለኝ፣ አንጀቴን በላችኝ። ወንድሟ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄዶ የምሳ ቦርሳውን ከፈተ፤ ከውስጡ የወተት ጠርሙስ አወጣ። ክዳኑን ከፍቶ ብርሃን ላይ አየው። ሁላችንም እንደ ሰባቱ ሳምንት ሊደፋው ነው አልን። መጥቶ ፊቷ ቆመ።

«አፍንጫዬ» አለ፣ «ይቺ ደህና ናት?»

ድሮ አንድ ጊዜ ሽው አድርጋ ነበር የምትመልስለት። ያን ቀን ጠርሙሱን በሁለት እጇ ይዛ አንድ ጊዜ አሸተተች፣ ቆየች፣ ደግማ አሸተተች። ጫኚው እንኳ ትንፋሹን ይዞ ነበር።

«ደህና ናት፣ ጋሼ። ጠጣ» አለችው።

ተቀብሎ አንገቱን ቀና አድርጎ እስከ መጨረሻው ጠጣው።